ለዳገታችሁ የሚሆን ጥርስ፦ የሞተር ስፕሮኬት እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይቀየራል

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ የሚወጣውን መንገድ በሞተር የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዳገቱ መሐል ሁለተኛ ማርሽ ይጮኻል። ሦስተኛ ሲገባ ደግሞ ሞተሩ ይደክማል፣ ይንገጫገጫል፣ ሊጠፋ ይደርሳል። በሁለቱ መሐል የሚመች ቦታ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሞተሬ አረጀ» ይላል። ፒስተን ያስቀይራል። ካርቡራተር ያስፈታል። አንዳንዱም ሲሲው ከፍ ያለ ሞተር ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ምንም አልሆነም። ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ብረት፣ ማለትም ስፕሮኬቱ፣ የጥርሱ ብዛት ለዚያ መንገድ አልተመረጠም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጡት የሲናን ወረዳ ቀበሌዎች ውስጥ ነው። ከኋላዬ የክትባት የበረዶ ሳጥን ይጫናል። ከሳጥኑ ጋር የመድኃኒት ቦርሳ፣ አንዳንዴም ቡርዲዞ (የከብት ማኮላሻ መቆንጠጫ) አለ። ክትባት ቅዝቃዜውን ካጣ ይበላሻል። ስለዚህ ዳገት መሐል ቆሞ ሞተር ማቀዝቀዝ ለእኔ አይሆንልኝም። ሞተሬ የራሴ ናት፤ 125 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ። የፊቱን ስፕሮኬት ከ14 ጥርስ ወደ 13 ካወረድኩት ቆይቷል። በእኛ መንገድ ላይ በትንሽ ወጪ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ሥራ አላውቅም። የሚጠይቁኝ የሥራ ባልደረቦችና ሞተረኞች ስለበዙ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ጥርስ መቀየር ጉልበት አይጨምርም። ሞተሩ ያለው ጉልበት ያው ነው። እናንተ የምትመርጡት ያንን ጉልበት የት እንደምታውሉት ነው፤ ዳገት ላይ ወይስ ሜዳ ላይ። ሁለቱንም እኩል የሚሰጥ ጥርስ የለም። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ጥርስ ይሻላል?» ሳይሆን «እኔ የት ነው የምነዳው?» ነው።

ቁጥሩ

ሞተራችሁ ላይ ሁለት ስፕሮኬት አለ። ትንሹ ከፊት ነው፤ ከማርሽ ሳጥኑ በሚወጣው ዘንግ ላይ ይቀመጣል። ትልቁ ከኋላ ጎማ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ካቴናው ነው። ስሌቱ አንድ ብቻ ነው፤ የኋላውን የጥርስ ብዛት ለፊቱ ማካፈል። የእኔ ከኋላ 42፣ ከፊት 14 ነበረው። 42 ለ14 ሲካፈል 3 ይሆናል። የፊቱ ስፕሮኬት 3 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ሞተሩ ወደ ጉልበት ይሄዳል። ዝቅ ሲል ወደ ፍጥነት ይሄዳል። የፊቱን ወደ 13 ሳወርደው 42 ለ13 ሆነ፤ 3.23። ጎማውን የሚገፋው ኃይል በሁሉም ማርሽ ወደ 8 በመቶ ገደማ ጨመረ። በአንጻሩ በተመሳሳይ የሞተር ዙር የምሄደው ፍጥነት በ7 በመቶ ቀነሰ። ወደ 15 ቢወጣ ደግሞ 2.8 ይሆን ነበር። ግፊቱ ወደ 7 በመቶ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የፊቱንና የኋላውን እኩል አድርጎ ሲያስብ ነው። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ ከመጨመር ጋር ይቀራረባል። 42 ለ13 ስታካፍሉ 3.23 ነው። 45 ለ14 ስታካፍሉ 3.21 ነው። ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። የፊቱ ስፕሮኬት ግን ትንሽ ብረት ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቶሎም ይቀየራል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትነኩት የፊቱን ነው። የኋላው የሚመጣው በፊቱ ያገኛችሁትን ለውጥ ሞክራችሁ «ትንሽ ይብዛ» ወይም «ትንሽ ይነስ» ስትሉ ነው። ከኋላ አንድ ጥርስ የሚለውጠው ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለማስተካከል ይመቻል።

ሁለቱንም በአንድ ቀን አትቀይሩ። 13 ከፊት፣ 45 ከኋላ ብታደርጉ 3.46 ይመጣል። ይህ ከመጀመሪያው 15 በመቶ ይበልጣል። አንደኛ ማርሽ ገና ከመነሳታችሁ ያልቅባችኋል።

ከፍታው የወሰደው ጉልበት

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጮቄ ላይ 3,500 ሜትር ስትደርሱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ አየርም ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ የእኛ ትናንሽ ሞተሮች ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ የሚደርስ ጉልበት ያጣሉ። ፋብሪካው ለሽያጭ የመረጠው ጥርስ ደግሞ ለዝቅተኛ አገርም፣ ለሜዳም፣ ለከተማም እንዲሆን የታሰበ ነው። ለጮቄ ብሎ የመረጠው ሰው የለም።

ይህን ስታውቁ በከተማችን ወጣቶች ዘንድ የተለመደው ነገር ለምን እንደማይሠራ ይገባችኋል። ፍጥነት የፈለገ ልጅ ከፊት 15 ወይም 16 ያስገባል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ አምስተኛ ሲያስገባ ግን ሞተሩ ያንን ማርሽ መሳብ ያቅተዋል። ትንሽ ንፋስ ከፊት ሲመጣ ወደ አራተኛ ይመለሳል። አራተኛ ደግሞ በአዲሱ ጥርስ ከድሮው አምስተኛ ብዙም አይርቅም። መጨረሻ ላይ ጥርሱን ሳይነካ ከሚሄደው ያነሰ ይሄዳል። ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱ ያለበት ዙር ላይ መድረስ ካልቻለ ትልቅ ጥርስ ፍጥነት አይሰጥም፤ ይወስዳል። ቆላ ስትወርዱ አየሩ ስለሚወፍር ይሻሻላል። እዚህ ደጋ ላይ ግን 125 ሲሲና ከዚያ በታች ላላት ሞተር ከፊት መጨመርን አልመክርም። ልጆቹ በዚህ ሲያኮርፉኝ አይቻለሁ፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ለማን የቱ ይሆናል

ራሳችሁን በአንድ ቦታ ፈትኑ። በሳምንት ውስጥ ደጋግማችሁ ከምትወጡት ዳገት ከባዱን ምረጡ። የወትሮውን ጭነት ጫኑ። ሰው የምታፈናጥጡ ከሆነ ሰው አፈናጥጡ። ከዚያ የሞተሩን ድምፅ እየሰማችሁ ውጡ። ማርሾቹ የሚነግሯችሁ ነገር አለ።

አንደኛ ላይ ሆናችሁም ፍሪሲዮን በግማሽ እየያዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ጥርሱ ከብዷል። ፍሪሲዮኑ እየተበላ ነው። ከፊት አንድ ቀንሱ። ሁለተኛ ጮሆ፣ ሦስተኛ የሚሞት ከሆነም መልሱ ያው ነው። ሦስተኛ ያን 8 በመቶ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ዳገቱን ይዞ ይወጣል። አምስተኛን ከወር እስከ ወር የማታስገቡ ከሆነ ደግሞ አምስት ማርሽ ገዝታችሁ በአራት እየሄዳችሁ ነው። እዚህም ላይ አንድ መቀነስ አምስተኛውን ወደ ሥራ ይመልሰዋል።

በተቃራኒው ሥራችሁ ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አስፋልት ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ብቻችሁን፣ ያለ ጭነት፣ ሞተሩም 150 ሲሲና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አምስተኛ ላይ ሆናችሁ እጃችሁ አሁንም ስድስተኛ የሚፈልግ ከሆነ፣ ከኋላ ሁለት ጥርስ መቀነስ ይበቃል። ከፊት አንድ መጨመር ይበዛባችሁ ይሆናል። ከ42 ወደ 40 ስትወርዱ 2.86 ነው፤ ሞተሩ ረጋ ይላል፣ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል።

ለጥቁር አፈር አገር ሰዎች፣ ለቢቸናና ለደብረ ወርቅ ዙሪያ ማለቴ ነው፣ ሌላ ነገር ልጨምር። ክረምት ላይ ዋልካው ሲላቁጥ ዝቅ ያለ ጥርስ (ከፊት ያነሰ ወይም ከኋላ የበዛ) ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው ጥሩ ነው፤ ፍሪሲዮን ሳትነኩ በእግር እርምጃ ፍጥነት መሄድ ትችላላችሁ። ሁለተኛው ግን ጎማው ቶሎ ይሽከረከራል። ግፊቱ ስለበዛ ጋዝ በድንገት ስትሰጡ ጎማው ጭቃውን ይቆፍራል እንጂ አይሄድም። ስለዚህ ጭቃ ላይ አንድ ማርሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ጋዙን በዝግታ ስጡ። ጥርሱን የቀየረ ሰው እጁንም መቀየር አለበት።

ዓባይ በረሃን ለሚወርዱትም ጥቅም አለው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ዝቅ ያለ ጥርስ ያላት ሞተር ሦስተኛ ላይ ሆና ራሷን የበለጠ ትይዛለች። የኋላ ፍሬናችሁ ያን ያህል አይግልም። ጭነት ይዞ ለሚወርድ ሰው ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከመቀየራችሁ በፊት

ጥርሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ሌላውን አጣሩ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተዘጋ ሞተሩ ይታፈናል። በጋ ላይ በፒስታ መንገድ ለምትሄዱ ይህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። በእኛ ከፍታ ካርቡራተር ያላት ሞተር ቤንዚን ማብዛቷ የታወቀ ነው፤ መካኒክ ጂክለሩን (ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) ያስተካክልላችሁ። የኋላ ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አዙሩት። እያሻሸ የሚዞር ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። ፍሪሲዮኑ የሚያንሸራትት ከሆነም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ዳገቱ ካስቸገረ ብቻ ወደ ጥርስ ኑ።

ቀጥሎ ካቴናውን ለኩ። ትናንሽ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 428 ነው፤ ቁጥሩ በካቴናው ጎን ላይ ተቀርጿል። የዚህ ካቴና አንድ ዓይን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናውን ወጥሩና 20 ዓይን በሜትር ለኩ፤ ከአንዱ ፒን መሐል ጀምራችሁ 21ኛው ፒን መሐል ድረስ። አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ አብቅቷል። ሌላው መንገድ ካቴናውን ከኋላ ስፕሮኬቱ ጀርባ በጣት ወደ ኋላ መሳብ ነው። የጥርሱ ግማሽ ከታየ አርጅቷል። የስፕሮኬቱ ጥርስም እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ ዕድሜው አልቋል።

ካቴናው ካረጀ አዲስ ስፕሮኬት ብቻውን አትግዙ። የተለጠጠ ካቴና አዲሱን ጥርስ ቶሎ ይበላዋል። ሦስቱንም አንድ ላይ፣ ሙሉ ሴቱን ቀይሩ። ካቴናው ገና ከሆነ ግን የፊቱን ብቻ መቀየር ትችላላችሁ።

ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ስፕሮኬት ይዛችሁ ሂዱ። የሞተሩን ስም መናገር ብቻ አይበቃም፤ አንድ ስም ያላቸው ሞተሮች የተለያየ ስፕሮኬት ይዘው ይመጣሉ። አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቡት። የመሐል ቀዳዳው፣ በቀዳዳው ውስጥ ያሉት ጥርሶች ብዛት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ፣ ውፍረቱ መመሳሰል አለባቸው። ሊለይ የሚገባው የውጭው ጥርስ ብዛት ብቻ ነው። ብዛቱን ራሳችሁ ቁጠሩ። በብረቱ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ብቻ አትመኑ። 428 ካቴና ላላት ሞተር የ428 ስፕሮኬት ነው የሚገባው። የ420 ካቴናም ዓይኑ 12.7 ነው፤ ወርዱ ግን ጠባብ ስለሆነ በ428 ስፕሮኬት ላይ አይቀመጥም።

ከፊት ከ13 በታች አትውረዱ። ስፕሮኬቱ ባነሰ ቁጥር ካቴናው የሚታጠፍበት ማዕዘን ይከፋል፣ ቶሎ ይለጠጣል። የኋላውን ጎማ የያዘውን ሹካም መፋቅ ይጀምራል። እዚያ ላይ ያለችውን የመከላከያ ላስቲክ አይታችሁ ከተበላች ቀይሯት። ከዚያ በላይ ጉልበት ከፈለጋችሁ ከኋላ ጨምሩ።

የመሥሪያ ቤት ሞተር የያዛችሁ የግብርናና የጤና ሠራተኞች፣ መጀመሪያ ለኃላፊያችሁ ተናገሩ። ዋስትና ላይ ያለች አዲስ ሞተርም ከሆነች ሻጩን ጠይቁ።

ሥራው

ጋራዥ መውሰድ ይቻላል። እኔ ግን እያንዳንዱ ገጠር የሚነዳ ሰው አንድ ጊዜ በእጁ ቢሠራው ደስ ይለኛል። ካቴና ገደል ጫፍ ላይ ቢወልቅ የሚጠራ መካኒክ የለም። የሚያስፈልገው የተለመደ ነው፤ የኋላ ፔርኖውን (የጎማውን ዘንግ) ዳዶ የሚይዝ ቁልፍ፣ 8፣ 10 እና 12 ቡሶላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አሮጌ ብሩሽና ትንሽ ላምባ። ቤንዚን ለማጠቢያ አትጠቀሙ። እሳቱ አደጋ ነው፤ ውስጡ ላስቲክ ያለውን ካቴናም ያበላሻል።

ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁሙት። የማርሽ መርገጫውን ከመፍታታችሁ በፊት የተቀመጠበትን ቦታ በቀለም ወይም በሚስማር ጫፍ ምልክት አድርጉ። አለበለዚያ ስትመልሱት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እግራችሁን ያስቸግራል። ከዚያ የፊቱን ስፕሮኬት የሸፈነውን ክዳን ፍቱ። ከውስጥ የሚጠብቃችሁ በዘይት የተለወሰ የደረቀ ጭቃ ነው። በካቻቢቴ ጫሩት፣ በላምባና በብሩሽ እጠቡት። ስፕሮኬቱ ከኋላው የዘይት ማኅተም አለው፤ በሹል ነገር እንዳትወጉት። ከዚያ አካባቢ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ አሁን ማስቀየር ነው፤ ተከፍቶ ሳለ።

ቀጣዩ ቅደም ተከተል አስፈላጊ ነው። የፊቱን ስፕሮኬት የያዙትን ብሎኖች ካቴናው ገና ሳይወልቅ አላሉ። ማርሽ አስገቡ፣ አንድ ሰው የኋላ ፍሬን ይርገጥ። ካቴናውን ቀድማችሁ ካወለቃችሁት ዘንጉ አብሯችሁ ይዞራል፤ የሚይዘው የለም። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ስፕሮኬቱን የሚይዘው በሁለት ብሎን የታሰረ ስስ ሳህን ነው። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ሳህኑን ትንሽ አዙራችሁ ስባችሁ ታወጡታላችሁ። ሌሎቹ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶና የሚታጠፍ መቆለፊያ ሮንዴላ አለ። መጀመሪያ የታጠፈውን ጠርዝ በካቻቢቴ አቅኑ፣ ከዚያ ዳዶውን ፍቱ።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። የፔርኖውን ዳዶ አላሉ። በግራና በቀኝ ያሉትን የካቴና ማስተካከያዎች እኩል ዙር ፍቱ። ስንት ዙር እንደፈታችሁ ያዙ፤ ስትመልሱ ይጠቅማችኋል። ጎማውን ወደ ፊት ግፉት። ካቴናው ይላላል፣ ከኋላ ስፕሮኬቱ ላይ ይወርዳል። የፊቱንም ከነካቴናው ስባችሁ ታወጣላችሁ። ብዙ ጊዜ ካቴናውን መቁረጥም ሆነ መጋጠሚያውን መክፈት አያስፈልግም። ማስተካከያው አልበቃ ካለ ግን መጋጠሚያውን ፈልጉ። ከሌሎቹ ዓይኖች የሚለየው በጎኑ ላይ ቀጭን ክሊፕ ስላለው ነው። በፒንሳ ገፋ አድርጋችሁ አውጡት፤ ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ በሌላው እጃችሁ ጋርዱት።

አዲሱን ስፕሮኬት ስታስገቡ አሮጌው የተቀመጠበትን አቅጣጫ ጠብቁ። አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ወጣ ያለ አንገት አለው። ከተገለበጠ ካቴናው ከኋላው ጋር ቀጥ አይልም። የሳህኑን ትናንሽ ብሎኖች በልክ አጥብቁ። ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ሙሉ ጉልበት ከተደረገባቸው ይበጠሳሉ። በትልቅ ዳዶ የሚታሰረው ግን በደንብ መጥበቅ አለበት፣ ሮንዴላውም ተመልሶ መታጠፍ አለበት። ጠርዙ ተደጋግሞ ታጥፎ ከተሰነጠቀ አዲስ ሮንዴላ ግዙ።

የኋላውን ለምትቀይሩ ጎማው መውጣት አለበት። ዳዶዎቹን በየተራ፣ በተቃራኒ ጎን እየዘለላችሁ ፍቱ፣ በዚያው መንገድ አጥብቁ። በዙሪያ በተራ ካጠበቃችሁ ስፕሮኬቱ ሊያዘነብል ይችላል። ጎማው ወጥቶ ሳለ ከስፕሮኬቱ ሥር ያሉትን መለዘቢያ ጎማዎች ንኳቸው። ከተቀጠቀጡ ጋዝ ስትሰጡና ስትለቁ «ጓ» የሚል ድምፅ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ኩሽኔታውንም በጣት አዙራችሁ ስሙት።

መጋጠሚያውን ከፍታችሁ ከነበረ ክሊፑ ስትመልሱት አቅጣጫ አለው። የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት፣ የተከፈተው ጫፍ ወደ ኋላ ይሁን። ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ሲነካው ሊወልቅ ይችላል። የወለቀ ካቴና የኋላ ጎማ ይቆልፋል። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ እዩ።

ማስተካከል

ከፊት አንድ ጥርስ ስትቀንሱ ካቴናው ትንሽ ይተርፋል። በእኔ ሞተር ዓይነት መጠን ፔርኖው ወደ ኋላ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ማስተካከያው ይህን በቀላሉ ይችለዋል። ከኋላ ሦስት ጥርስ ከጨመራችሁ ግን ፔርኖው ወደ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። ቦታ ከሌለ ረዘም ያለ ካቴና ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ማስተካከያው ላይ ስንት ቦታ እንደቀረ እዩ።

የካቴናው ልቀት (ምን ያህል እንደላላ) በታችኛው መስመር መሐል ላይ ይለካል። በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት ለብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ሞተራችሁ ላይ በሹካው የተለጠፈ ጽሑፍ ካለ ያንን ተከተሉ። ጎማውን እያዞራችሁ በተለያየ ቦታ ለኩ፤ የጠበቀውን ቦታ ይዛችሁ አስተካክሉ። የላላውን ይዞ የሚያስተካክል ሰው ካቴናውን ከልክ በላይ ይወጥረዋል።

ጭነት ለሚጭኑ ይህ ነገር የበለጠ ያስፈልጋል። ሞተሩ ላይ ጭነት ሲቀመጥ ሹካው ወደ ላይ ይወጣል፣ ካቴናውም ይወጠራል። ባዶ ሞተር ላይ ልክ የመሰለ ካቴና ሁለት ኩንታል ድንች ተጭኖበት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሊበጠስ፣ የማርሽ ሳጥኑንም ኩሽኔታ ሊጎዳ ይችላል። (ሁለት ኩንታል በሞተር መጫን ራሱ አያስፈልግም፤ ግን ሲጫን አያለሁ።) ስለዚህ አስተካክላችሁ ስትጨርሱ የወትሮውን ጭነት ጫኑና እንደገና ንኩት። አሁንም ትንሽ መላላት አለበት።

በሹካው ግራና ቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን እዩ። ጎማው ካዘነበለ ካቴናው የጥርሱን አንድ ጎን ይበላል። ሞተሩም ወደ አንድ በኩል ይጎትታል። የፔርኖውን ዳዶ አጥብቁ። ዳዶው ውስጥ የሚያልፍ እግሩ የሚታጠፍ ሽቦ ካለው በአዲስ ተኩት፤ ሳንቲም የማይሞላ ነገር ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ፍሬኑ። ፔርኖው ሲንቀሳቀስ የኋላ ፍሬን ዘንግም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ወደ ኋላ ከሄደ ፍሬኑ ይጠብቃል፤ እየያዘ ሊሄድ ይችላል። ወደ ፊት ከመጣ ይላላል። መርገጫውን ረግጣችሁ አስተካክሉ። የፍሬኑ መብራት የሚበራበትን ጊዜም አብራችሁ እዩ።

ከተቀየረ በኋላ

መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ በአካባቢያችሁ ዙሩ። የሚያጓራ ወይም የሚመታ ድምፅ ካለ ቁሙ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ የስፕሮኬቱን ብሎኖችና የካቴናውን ልቀት እንደገና እዩ። አዲስ ካቴና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላል።

በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱ። ከ14 ወደ 13 ስትወርዱ ከተማ ውስጥ ማርሽ ቶሎ ቶሎ የምትቀይሩ ይመስላችኋል። እውነት ነው፤ እጅና እግር ግን በጥቂት ቀን ይለምደዋል። አስፋልት ላይ ደግሞ ድሮ በ60 ስትሄዱ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር የሚዞር ከነበረ አሁን ወደ 6,460 ይሆናል። ጩኸቱ ይሰማችኋል። በ80 ልሂድ ብላችሁ ሰዓታት መጫን ጥሩ አይደለም። ቤንዚንም አስፋልት ላይ ትንሽ ይጨምራል። ዳገት ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይጨምርም። ሞተሩ በሙሉ ጋዝ እየታነቀ ሳይሆን በሚመቸው ዙር ስለሚሠራ ነው።

የፍጥነት መለኪያውን ጉዳይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ገመዱ ከፊት ጎማ የሚመጣ ከሆነ ምንም አይለወጥም። ከማርሽ ሳጥኑ የሚያነብ ከሆነ ግን ይዋሻል። ከፊት አንድ ከቀነሳችሁ ከእውነተኛው ወደ 8 በመቶ ጨምሮ ያሳያችኋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ። ዘይት የምትቀይሩት በኪሎ ሜትር ከሆነ ይህን አስቡ። ትልቅ የኋላ ጎማ ማስገባትም ወደ ፍጥነት እንደመሄድ ይቆጠራል። ከፊት ጥርስ ቀንሶ ከኋላ ወፍራም ጎማ የሚያስገባ ሰው ያገኘውን በከፊል መልሶ ይሰጣል።

ካቴናውን አጥቡ፣ ዘይት ቀቡት። በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ዋልካ ይበላዋል። እኔ ክረምት ላይ በጭቃ ውዬ ስመለስ ማታውኑ በውኃ አጥበዋለሁ፣ ሲደርቅ ዘይት እቀባዋለሁ። ሲሞቅ ዘይቱ ይገባል፤ ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ነው እንጂ ጠዋት ከመነሳት በፊት አይደለም። ግራሶ አትቀቡ፤ አቧራውን ይዞ ያስቀረዋል፣ ጥርሱንም ይሞርደዋል።

አሮጌው 14 ገና ጥርሱ ደህና ከሆነ አጥባችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ወይም ለረጅም ጊዜ ወደ ባሕር ዳር የምትመላለሱ ከሆነ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ። ሁለቱን እየቀያየሩ መጠቀም የሚቻለው ግን ሁለቱም ከካቴናው ጋር እኩል ያረጁ እንደሆነ ብቻ ነው። አንዱ ከጎበጠ ካቴናውን ያበላሻል፤ እሱን ለብረት ሰብሳቢ ስጡት።